አፉን ሳይከፍት የነከሰው

ናይሮቢ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1978

ለወንድሜ ለመምህር ቶያ ሜንዛ፣

ሰላምታዬ ካሎሌኒ እስኪደርስ መንገዱ ያድክመው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። እናንተም ደህና ናችሁ ብዬ ልመን። ልመን ያልኩት ደብዳቤህ ስለ አንዳችሁም ምንም ስለማይል ነው። ሰባት ወር ጠፍተህ ጠፍተህ አንድ ገጽ ጻፍክ፤ ግማሹም ሥዕል ነው። ተማሪዎችህ እንዲህ አድርገው ቢስሉልህ አንተ ራስህ ትቆጣቸዋለህ። እባብ ነው ብለህ ከሥሩ ባትጽፍበት ኖሮ የካሳቫ ሥር ነው ብዬ አልፈው ነበር።

«አንድ ሰው» ተነከሰ ትላለህ። ሰውየው እባቡን አንገቱን አንቆ ይዞት ነበር፣ እባቡም አፉን አልከፈተም፣ ጣቱ ግን ተወጋ ትላለህ። ከዚያ ይህ እባብ ከየትኛው ቤተሰብ ነው፣ ሰውስ ይጎዳል ወይ ብለህ ቶሎ መልሺልኝ ትላለህ። ሰውየው ማን እንደሆነ ግን አትናገርም። ምስጢር ነው?

እኔ እዚህ ምርምር ቤት የጠርሙስ ወረቀት ጸሐፊ እንጂ ዶክተር አይደለሁም፤ ይህን አትርሳ። አለቃዬ ዶክተር ኦቲዬንዴ ለሁለት ሳምንት ኪሱሙ ሄደዋል። ስለዚህ መሰላል ላይ ወጥቼ ጠርሙሶቹን ራሴ አወረድኩልህ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኑ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል፣ ጅራቱ እንደ እሾህ የሾለ፣ መሬት ውስጥ የሚኖር ካልክ አግኝቼዋለሁ። በአሮጌው መዝገብ ከእፉኝቶች ቤተሰብ ተጽፎ ነበር። አዲሱ መጽሐፍ ግን ከዚያ አስወጥቶ መቶ እግር ከሚበሉት እባቦች ጋር አስገብቶታል። እነሱ ደግሞ ሰው የማይነኩ፣ ልጆች ሳለን አባዬ አንገታችን ላይ እያንጠለጠለ የሚያስቀን ዓይነት ናቸው። እንግዲህ መልሴ ይኸው፤ ከማይጎዳ ቤተሰብ ነው። አፉን ዘግቶ የሚነክስ እባብ ደግሞ እዚህ በሠራሁበት ዘጠኝ ዓመት ሰምቼ አላውቅም።

ትልቅ ሰው መስዬ እንድታይ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ከታች መትቼልሃለሁ። ለማንም ብታሳይ እንዳታፍርብኝ።

እማዬን ሳምልኝ። ምነው በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አልላከችም? ሌላ ጊዜ እኮ «የናይሮቢ ብርድ እንዳይገባሽ» ሳታስጽፍህ አትቀርም ነበር። ለእናትህ ለትንሿ እማም ሰላም በልልኝ።

እህትህ ጁምዋ


ካሎሌኒ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1978

ለውድ እህቴ ለጁምዋ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ትምህርት ቤቱም ደህና ነው፤ ጣሪያው ግን ያፈሳል። ዝናቡ ዘንድሮ ሳይሳሳት በጊዜው ገብቷል። እታለም፣ ይቅርታ የምጠይቅሽ ብዙ ነገር አለ፤ ከየትኛው እንደምጀምር ግን ጠፍቶኛል።

የተነከሰው ሰው አባዬ ነው። አትደንግጪ፣ ተርፏል። የቀኝ እጁ ሌባ ጣቱ ግን ጠቆረና ጤና ጣቢያ ወስደነው ከሁለተኛው አንጓ ላይ ተቆረጠ። አርባ ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት እባብ ሲያወጣ አንዴም ተነክሶ የማያውቅ ሰው! እኔንና አንቺንም ያስተማረን አያያዝ ነው፤ ሁለት ጣት ከራሱ በስተኋላ፣ አንገቱን ጥብቅ አድርጎ። እንደዚያ ይዞት ነበር። «አፉን አልከፈተም» ይላል። ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ደብዳቤሽን ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ አነበብኩት። ማኅተሙን ሁሉም በየተራ ዳሰሱት። ሽማግሌው ንዛሮ «የሜንዛ ልጅ ትምህርቷ በከንቱ አልቀረም» ብለው አመሰገኑሽ። ሽማግሌዎች የእባብ ቤተሰብ ምን ያደርግላቸዋል ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ነገሩ ረጅም ነው፤ ወረቀቱም ሊያልቅ ነው።

እናትሽ፣ ትልቋ እማ፣ ደህና ናት። ለጊዜው ሪቤ መንደር፣ ወንድሟ ቤት ሄዳለች። ሰላምታ ያልላከችው ስጽፍ አጠገቤ ስላልነበረች ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በጻፍሽው እርግጠኛ ነሽ ወይ? እርግጠኛ ካልሆንሽ ቶሎ ጻፊልኝ። እርግጠኛ ከሆንሽ ግን ተዪው፣ ምንም አትጻፊ።

ወንድምሽ ቶያ


ናይሮቢ፣ ሜይ 2 ቀን 1978

ቶያ፣

ዛሬ ሰላምታ የለህም። የአባዬን ጣት ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል፤ አንተ ግን የጣሪያውን ማፍሰስ አስቀድመህ ነው የነገርከኝ።

እማዬ በዘር ወቅት፣ ዝናቡ በገባ በሳምንቱ፣ ማሳዋን ጥላ ወንድሟ ቤት ምን ትሠራለች? ከዚያ ወንድሟ ጋር እኮ ለቅሶ ላይ ካልሆነ አይገናኙም። ሽማግሌዎች ስለ እባብ የሚሰበሰቡትስ ከመቼ ጀምሮ ነው? ሰው ሊከሱ ካልሆነ በቀር! ማንን ነው የከሰሱት? ስሟን ጻፍልኝ። አዎ፣ «ስሟን» ብያለሁ፤ እባብ ላከች የምትባለው መቼም ሴት ናት።

አሁን ስማኝ። ተሳስቻለሁ። ዶክተር ኦቲዬንዴ ተመለሱና ሥዕልህን አሳየኋቸው። ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሌባ ጣታቸው ጠማማ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር የዘጋባቸው ይመስለኝ ነበር። «ይህ እባብ አንገቱ አይያዝም» አሉኝ። ሌላውን እባብ ሁሉ አንገቱን ከያዝከው ድነሃል። እሱን ግን አንገቱን ከያዝከው አለቀልህ። ጥርሱ ከአፉ ይረዝማል፤ አፉን ሳይከፍት በከንፈሩ ጎን ብቅ ያደርገውና ራሱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ ይወጋል። ጠርሙሱን ከፍተው በመርፌ እያነሱ አሳዩኝ። በዓይኔ አየሁት።

«ታዲያ ቤተሰቡ የማይጎዳ ነው ይል የለም እንዴ መጽሐፉ?» ብላቸው «የትኛው መጽሐፍ?» ብለው ሳቁብኝ። አንዱ ከእፉኝት ጋር ይቆጥረዋል፤ አንዱ መቶ እግር ከሚበሉት ጋር፤ ሌላው ደግሞ የለም፣ የራሱ ቤት ይሠራለት ይላል። እሳቸውም ራሳቸው ጠዋት አንድ ነገር ብለው ከሰዓት ሌላ ይላሉ። ራሴ ዞረ። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንተ እሱን ጠየቅኸኝ፣ እኔ ዘመዶቹን ነገርኩህ። ዘመዶቹ ጨዋ ስለሆኑ እሱንም ጨዋ ነው አልኩልህ። ያውም በማኅተም!

ይህን ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው ቆመህ አንብብላቸው። ማኅተሙ ከታች አለ፤ ዶክተሩም ፈርመውበታል። እና የሴትዮዋን ስም ጻፍልኝ።

ጁምዋ


ካሎሌኒ፣ ሜይ 10 ቀን 1978

እታለም ጁምዋ፣

የሴትዮዋ ስም ካቼ ነው። እናትሽ ናት።

መጀመሪያ ቀን ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። ግን የማን ነገር እንደሆነ ሳልነግርሽ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ብጠይቅሽ፣ መልስሽ ነገሩን ያበርደዋል ብዬ ተውኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። መልስሽ መጣና ጭራሽ አነደደው።

ያን ጠዋት አባዬ የእባብ ቆርቆሮውን ትልቋ እማ ዱቄት ላይ አስቀምጦባት ተጣሉ። «እጅህ ይቆረጥ!» አለችው። ስንቴ ብላዋለች! መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፣ ስቋልም። በዚያው ቀን ከሰዓት ተነከሰ፣ በሦስተኛው ቀን ጣቱ ተቆረጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ሰዉ «ሜንዛን እባብ አይነክሰውም፤ ያውም አፉን የዘጋ እባብ! ካልተላከ በቀር» አለ። የእናቷ እናትም ድሮ በዚሁ ነገር ስሟ ተነስቶ ነበር ተባለ። «የእባብ ልጅ እባብ» ያለችው የመጀመሪያዋ ሰው ማን እንደሆነች ብትጠይቂኝ እናቴ ናት፣ ትንሿ እማ። እታለም፣ እኔ በዚህ አፍራለሁ። ነገር ግን እናቴም ናት።

ሽማግሌዎቹ በአንድ ነገር ብቻ አመንትተው ነበር። እባቡ በራሱ የሚገድል ዓይነት ከሆነ የእባብ ነገር ነው፣ ካልሆነ ግን የሰው ነው አሉ። አንቺ «ከማይጎዳ ቤተሰብ ነው» ስትይ ነገሩ የሰው ሆነ።

ሁለተኛውን ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ሽማግሌው ንዛሮ የኮኮናት ጠላቸውን በቀሰም እየሳቡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «መምህር፣ እህትህ የመጀመሪያውን ስትጽፍ የማን ነገር እንደሆነ ታውቅ ነበር?» አሉኝ። አታውቅም አልኩ። «ሁለተኛውን ስትጽፍስ?» ሳትገምት አትቀርም አልኩ። «ልጄ፣ ሳታውቅ የተናገረች ምስክር ነች፤ አውቃ የተናገረች ልጅ ነች። እባቡስ ሦስት ጊዜ የአባቱን ቤት የለወጠ ነው አላልክም? እንዲህ ያለውን ማን ያምነዋል?» ሁሉም ሳቁ። እኔ ራሴ እባካችሁ ብዬ ልከራከር ተነስቼ ምን እንደምል ጠፋኝ፤ ነገሩ ልክ መስሎ ታየኝ። ቤቴ ስገባ ነው ልክ እንዳልሆነ የገባኝ፤ ለምን ልክ እንዳልሆነ ግን አሁንም በደንብ መናገር አልችልም።

ሜይ 20፣ ቅዳሜ፣ ትልቋ እማ ፓፓያ ትበላለች። ጥፋተኛን ይለያል የሚባለው መድኃኒት ተደርጎበት። ከንፈሯ ካላበጠ ንጹህ ናት። ካበጠ ቤቷ ይፈርሳል፤ ስትሞትም በእኛ መሬት አትቀበርም። ሽማግሌው ንዛሮ ከሚሰጡት ፓፓያ ከንፈሩ ሳያብጥ የተመለሰ ሰው እኔ አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም የወንድማቸው ልጅ ነበር።

እንዳትመጪ። ይህን የምልሽ እኔ አይደለሁም። ሪቤ ሄጄ አግኝቻታለሁ፤ ቃሏ ይኸው። «ልጅ ከመጣች ልጅም ትብላ ይላሉ። ጁምዋ ከአውቶቡስ ስትወርድ ካየኋት ፓፓያውን ቅዳሜን ሳልጠብቅ ከነልጣጩ እውጠዋለሁ፣ በላት» አለችኝ። ታደርገዋለች።

አባዬ ምንም አይልም። «አንገቱን ይዤው ነበር፣ አፉን አልከፈተም» ብቻ ነው። እሱን ባለ ቁጥር እሷን እንደሚገፋት የሚያውቅ አይመስለኝም። ወይም ያውቃል። አልገባኝም።

ቶያ


ናይሮቢ፣ ሜይ 14 ቀን 1978

ቶያ፣ ይህን ለአባዬ ብቻውን አንብብለት። እባክህ ስታነብ አታሳምረው፣ አታሳጥረው።

አባዬ፣

እጅህን አመመህ ወይ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። አመመህ? ጣትህን ሳስብ አለቅሳለሁ። በዚያ ጣት ነው እንቁላል ውስጥ ያለ እባብና ጫጩት በፀሐይ እያሳየህ መለየት ያስተማርከኝ።

የያዝከው ትክክል ነው። ለዘጠና ዘጠኙ እባብ ትክክል ነው፤ ለዚህኛው ግን አይደለም። ማንም አልነገረህም። እዚህ አንድ የተማሩ ዶክተር አሉ፣ አውሮፓ ድረስ ሄደው ስለ እባብ ያጠኑ፣ እሳቸውም አንገቱን ይዘው ተወጉ። እሳቸውን ማንም አልላከባቸውም። እኔም ሳላውቅ ጽፌ እናቴን በገዛ ማኅተሜ አስያዝኩ። ስለዚህ ከእኛ መሃል ያላወቅኸው አንተ ብቻ አይደለህም።

እማዬ «እጅህ ይቆረጥ» ያለችህ በዘመንህ ስንት ጊዜ ነው? እኔን «እግርሽ ይሰበር» ስትለኝ አድጌ ይኸው ናይሮቢን በእግሬ አካልላለሁ።

ቅዳሜ ተነሣና «አላወቅሁም» በል። አንድ ቃል ናት። «እንዲህ የሚወጋ እባብ መኖሩን አላወቅሁም፣ እጄን ያጠፋው አያያዜ ነው» በል። ለእባብ ሰው ከባድ ቃል እንደሆነች አውቃለሁ። እሷ የምትበላው ግን ከዚያ ይከብዳል።

አባዬ፣ እለምንሃለሁ።

ልጅህ ጁምዋ


ካሎሌኒ፣ ሜይ 21 ቀን 1978

እታለም፣

በሕይወት አለች። አልበላችም። እሱም በሕይወት አለ። ይህን ሳላስቀድም ሌላ እንዳልጽፍ ነው።

ደብዳቤሽን ሐሙስ አነበብኩለት። ስጨርስ «አበቃ?» አለኝ። አበቃ አልኩት። «በል ሂድ ተማሪዎችህን አስተምር» አለኝ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ማንንም ሳያስከትል ወጣ። እኔ ሸሸ ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ማንጎው ሥር ሁሉም ተቀምጠዋል፤ ትልቋ እማ መሃል ላይ፣ ፓፓያው ሳህን ላይ። ሊቆረጥ ሲል አባዬ ቅል ይዞ መጣ። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው፤ ካሳቫ ማሳው ውስጥ ሲቆፍር ነው የዋለው። አንቺ ያልሽውን ቃል አልተናገረም። ቅሉን ሽማግሌው ንዛሮ ፊት አስቀመጠና «ያው ዓይነት እባብ ነው። ይያዙት» አላቸው።

«የእባብ ሰው አንተ ነህ» አሉት።

«እንግዲያውስ እዩኝ» አለና በግራ እጁ አወጣው። አንገቱን ነው የያዘው። ሁላችንም ተጠጋን። «አፉ እንዴት ነው?» አለ። ዝግ ነው አሉ። «ደግማችሁ እዩ።» ዝግ ነው! ከዚያ አውራ ጣቱ ላይ ደም አየን። እባቡን ወደ ቅሉ መለሰው፣ ከደነው፤ ፊቱ ላይ ላብ ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው «ይኸው ደግማ ላከችበት!» ብሎ ጮኸ። አባዬ ይህንን የጠበቀ ይመስል ቅሉን አነሣና በክቡ ዞረ። «ካቼ የማትልክበት ማን ነው? የማትጠላው ማን ነው? አንተ? አንተስ? ሽማግሌ ንዛሮ፣ እርስዎን ማን ይደፍርዎታል? ያልተላከበት ሰው እጁን ያስገባ፤ አይነክሰውም አይደል፣ ከጨዋ ቤተሰብ ነው ተብሏል» አለ። አንድ ሰው እንኳ እጁን አልዘረጋም። ሽማግሌው ንዛሮ ቅሉ ሲደርሳቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። እሱን ሁሉም አየ። ከዚያ በኋላ ፓፓያውን የሚቆርጥ ሰው ጠፋ፤ ሰዉ አንድ በአንድ ሥራ አለብኝ እያለ ተበተነ።

አባዬን በጭነት መኪና ሆስፒታል አደረስነው። ክንዱ እስከ ክርኑ አብጧል። አውራ ጣቱ ይተርፋል ብለዋል፤ ቀኙም ገና አልሻረም፤ ስለዚህ ሁለት እጁ ተጠቅልሎ ነው ያለው። እናቴ ቤት ዘግታ ተቀምጣለች። ሄጄ «ምን ትያለሽ?» ብላት «ምን እላለሁ» አለችኝ።

እታለም፣ ለእናትሽ ብሎ ነው ያደረገው። እንደዚያ ነው የምነግራቸው፣ ለአንቺም እንደዚያ ልጽፍልሽ ነበር። ግን እባቡን ሲይዘው ፊቱን አይቻለሁ። «አሁንስ ያዝኩህ» የሚል ፊት ነበር። በዚህኛው ጊዜ በትክክል እንደሚይዘው ያመነ ፊት። ልወጋ ብሎ ነው የያዘው ወይስ አልወጋም ብሎ? ሌሊቱን ሳገላብጠው አደርኩ፤ ምኑም አልለይልህ አለኝ።

ቶያ


ካሎሌኒ፣ ጁን 4 ቀን 1978

ጁምዋ ልጄ፣

ይህን የሚጽፈው ቶያ ነው። ያልኩትን እንዳለ ጻፍ፣ ያንተን ቅመም እንዳትጨምርበት ብዬዋለሁ። ማንበብ ባልችል መስመር መቁጠር እችላለሁ፤ እኔ ሳወራ ብዕሩ ከቆመ አውቃለሁ።

ደህና ነኝ። ስለዚያ ደብዳቤሽ እንደምታለቅሺ ነግሮኛል። ተዪው። የተጠየቅሽውን መለስሽ። እኔስ ራሴ ቀኑን ሙሉ ማንን ሳልረግም ነው የምውለው? ከእንግዲህ ግን አፌን እጠብቃለሁ ብዬ ነበር፤ ትናንት የቶያን ፍየል «አንገትሽ ይሰበር» ብያት ሰዉ ሁሉ ፍየሏን ዞሮ አያት። ደህና ናት፣ አልሞተችም።

አባትሽ ከሆስፒታል ወጥቷል። ሁለት እጁ እንደ ሕፃን ልጅ የተጠቀለለ ነው። የቶያ እናት ምቤዩ ልታጎርሰው ስትል እምቢ አለ፣ ካቼ ትምጣ አለ። እኔም ጠዋት ጠዋት ከሪቤ እየተነሣሁ በእግሬ እመጣለሁ፤ ገንፎውን አገነፋለሁ፣ በእጄ አጎርሰዋለሁ፣ አፉን እጠርግለታለሁ። ምቤዩ ውሃ ትቀዳልኛለች። አትናገረኝም፣ አልናገራትም፤ ውሃው ግን ንጹህ ነው።

ሰዉ ይመጣና «ሜንዛ ለሚስቱ ሲል እጁን ሰጠ፤ እንዲህ ያለ ባል የት አለ?» ይለኛል። አዎ እላለሁ። ምን ልበል? ልጄ፣ ለአንቺ ግን የሆዴን ልንገርሽ። እጁን ሲሰጥ አይቻለሁ፣ ሳየውም ጮኼአለሁ፤ ጥሎብኝ እወደዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት አርባ ቀን ወንድሜ ቤት ተቀምጫለሁ። አርባ ቀን ማለት ስንት ጠዋት ነው? አንዱን ጠዋት መጥቶ «ካቼ፣ አንቺ አይደለሽም» ቢለኝ ኖሮ እባብም አያስፈልገኝም፣ ደብዳቤም አያስፈልገኝም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ቤቱ ኖሬ እኔን ለማመን እባብ ቆፍሮ አወጣ።

ይህንኑ ትናንት ገንፎውን እያጎረስኩት ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ። ያጎረስኩትን ዋጠና «አላወቅሁም» አለኝ። ቶያ አንቺ በደብዳቤ ያን ቃል በል እንዳልሽው የነገረኝ ዛሬ ነው፤ ትናንት አላውቅም ነበር።

«ስለ እባቡ ነው ወይስ ስለ እኔ?» አልኩት።

እስካሁን አልመለሰልኝም። እኔም ማታ ማታ ወንድሜ ቤት እያደርኩ መልሱን እጠብቃለሁ።

እናትሽ ካቼ